እርማት፦ ሴት ተመራማሪዎች ያነሰ ይሠራሉ?

«ስመ ጥር የሚባሉት ሴት ፕሮፌሰሮች እንኳ የሚያሳትሙት ከወንዶቹ ያነሰ ነው፤ ቁጥር አይዋሽም» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ።

ቁጥሩ አልዋሸም። ምን ላይ እንደተቆጠረ ነው ያልታየው። በ2020 እ.ኤ.አ. የኔትወርክ ሳይንስ ተመራማሪውን አልበርት-ላስሎ ባራባሺን ጨምሮ አራት ተመራማሪዎች ከ1955 እስከ 2010 ድረስ የሕትመት ሥራቸው ያበቃ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ፈትሸው ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሲደመር ወንዱ በአማካይ 13.2፣ ሴቷ 9.6 ጽሑፍ አላቸው። እስከዚህ ያልከው ያስኬዳል። በዓመት ሲሰላ ግን ወንዱ 1.33፣ ሴቷ 1.32 ሆኖ ቁጭ አለ። እኩል ማለት ይቻላል!

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከመቆየት ነው። በየዓመቱ ከወንዶቹ 9 በመቶው፣ ከሴቶቹ 10.8 በመቶው ማሳተም ያቆማሉ። ለአንድ ዓመት ኢምንት ነው፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ተመራማሪን ለመመዘን ሁሉም የሚጠቅሰው ኤች-ኢንዴክስ የሚባለው መለኪያም ያው ነው። 20 ማለት ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። በጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሠላሳ ዓመት የሠራን ተመራማሪ አሥራ ሁለት ዓመት ከሠራች ተመራማሪ ጋር በሱ ማወዳደር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀልድ ነው።

ደግሞ ሠርተው ስማቸው የማይገባም አሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ቡድኖች ጥናት እንዳሳየው፣ ሴቶች አብረው በሠሩበት ጽሑፍ ላይ በደራሲነት የመጠቀስ ዕድላቸው በ13 በመቶ ያህል ያንሳል። ያ ሥራ በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ የለም።