አማርኛ የሚያስቀጣበት ግቢ

ግንቦት ውስጥ ነው። የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሙቀቱ እንደዚያ ሆኖ ሳለ ሹራቧን እስከ አገጯ ቆልፋ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። እናቷ ስታወልቅላት በሲባጎ የተንጠለጠለ ካርቶን አንገቷ ላይ አገኘች። በእንግሊዝኛ «ዛሬ አማርኛ አውርቻለሁ» ተብሎ ተጽፎበታል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ ካርቶኑን ያጠልቃል፣ ሌላ ልጅ ሲናገር ይዞ እስኪያስረክብም አያወልቀውም። ማታ አንገቱ ላይ የቀረበት ልጅ በማግስቱ ዐሥር ብር ይዞ ይመጣል። ጥፋትሽ ምን ነበር ስንላት፣ በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ «ውኃሽን አንዴ ልጠጣ?» ማለቷን ነገረችን።

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። አሁን የምዝገባ ሰሞን ነው። በየአጥሩ ላይ «ከኬጂ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጎ ነበር። እኛ ወላጆች ግን የልጆቻችንን አፍ የሚያዘጋውን ከፍለን እንመርጣለን። እህቴም ብትሆን ያንን ትምህርት ቤት የመረጠችው ባነሩን አይታ ነው።

እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ሊሴ ገብረ ማርያም ትዝ ይለኛል። ሊሴ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ፣ የሚከተለውም የፈረንሳይን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ሚሲዮን ላይክ ፍራንሴዝ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1902 የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1947 አዲስ አበባ ላይ ሲከፍተው፣ ፈረንሳይኛ ለከተማው እንግዳ አልነበረም። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ቀድሞ አስገብቶታል፤ ለገሃር ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ፣ ነው። ተፈሪ መኮንንና ዊንጌት የወንዶች፣ እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ሆነው በኖሩበት ከተማ ወንድና ሴት ልጆችን አንድ ክፍል አስቀምጦ በማስተማርም ሊሴ የሚጠቀስ ነው። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታ ሲያዞር እንኳ በሩ አልተዘጋም።

ስሙንም ልብ በሉ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በደቡብ ግንባር ጣሊያንን ሲዋጉ የቆዩ አርበኛ ናቸው። የወደቁት በየካቲት 1929 ዓ.ም ጎገቲ ላይ፣ አዲስ አበባ በግራዚያኒ ፍጅት ደም በለበሰችበት በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ የባዕድ ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለዚህ አገር ሲሉ የሞቱ ሰው ስም በሩ ላይ ጽፎ ሰባ ምናምን ዓመት ኖሯል። እኔ ይህን እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ።

ስሙ ብቻ ቢሆን ግን ባልጻፍኩ። ኢትዮጵያውያን ልጆች ሊሴ ገብተው አማርኛን ይማራሉ። አማርኛ የራሱ መምህር፣ የራሱ ደብተር፣ የራሱ ፈተና አለው። ባካሎሬያ በሚባለው የፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ውስጥም ተማሪ መርጦ ሊፈተንባቸው ከሚችሉት ቋንቋዎች ተርታ ለዓመታት ሲቆጠር ኖሯል። ፓሪስ ላይ በፈተና መዝገብ የሰፈረ ቋንቋ ነው አዲስ አበባ ላይ ካርቶን የሚያስጠልቀው።

የሊሴ ልጆች አማርኛቸው ይሰባበራል፣ ፈረንሳይኛ ይቀላቅላሉ የሚል ሐሜት እንዳለ አውቃለሁ። ክፍያው ለአብዛኛው ወላጅ የማይቀመስ መሆኑም እውነት ነው። ሁላችንም ልጆቻችንን ሊሴ እናስገባ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ አንድን የውጭ ቋንቋ በሚገባ ለማስተማር የልጁን ቋንቋ ማዋረድ አያስፈልግም ነው። ይህንን ከቸርችል ጎዳና አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ሲሠራበት ኖሯል።

እዚያ ክፍል ወደ ታች ነው የሚቆጠረው። ልጁ ስድስተኛ ይገባና አምስተኛ፣ አራተኛ እያለ ወርዶ አንደኛን ያልፋል፣ ከዚያ ተርሚናል የሚባለው የመጨረሻ ክፍል ላይ ይደርሳል። የፈረንሳይ ባካሎሬያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በተሻሻለው መልኩ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ የቃል ፈተና አለው። ከመርማሪዎቹ ፊት ቆሞ ራሱ ያዘጋጀውን ጥያቄ ያስረዳል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል። ሐሳቡን ሳይፈራ መናገሩ ነጥብ ያሰጠዋል።

የእህቴ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ እንግሊዝኛዋ አልተሻሻለም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ በእረፍት ሰዓት ማውራት አቆመች። «ካላወራሁ አልያዝም» አለችኝ። የዚህ ቅጣት ትርፉ ዝምታ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከእናቷ፣ ከአያቷ፣ ከሰፈር ልጆች የለቀመችው ቃል ሁሉ በር ላይ ይቀማባታል፤ በምትኩ የሚሰጣት «ሜይ አይ ጎ አውት ቲቸር» ነው። መጠማቷን እንኳ መናገር የማትችልበት ቦታ ተቀምጣ ክፍልፋይ ይገባታል፣ ሳይንስ ይገባታል ብሎ ማሰብ አይቻልም። የገባውን ልጅ የምናውቀው በራሱ አፍ መልሶ ሲነግረን ነው።

ወላጆች «እንግሊዝኛ ካላወቀ የት ይደርሳል?» ይላሉ። ትክክል ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛን የሚችል መምህር ይቀጠር፣ መጽሐፍ ይግባ፣ ልጆች ያንብቡ፣ ይዘምሩ፣ ይጫወቱበት። ይህ ሁሉ ገንዘብና ድካም ይጠይቃል። ካርቶን ግን ርካሽ ነው፣ ትምህርት ቤቶች የወደዱትም ለዚህ ይመስለኛል። የከተማው ትምህርት ቢሮ ሲመረምር የክፍሎችን ስፋትና የመጸዳጃ ቤቶችን ብዛት ከማየት አልፎ፣ በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ቆሞ ልጆቹን ቢያዳምጥ እመኛለሁ።

ልጅቷ መስከረም ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ትገባለች። ለምዝገባ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ የክፍያውን ወረቀት ስትዘረጋ እህቴ እሱን ወደ ጎን አድርጋ «አማርኛ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አለ?» አለቻት።

«አምስት» አለች ጸሐፊዋ። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።