ይድረስ ለሌሊቱ ወፍጮ

ይድረስ ለተከበሩት ጥርስ ማፋጨት፣ ካሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ፣ መንጋጋዬን በሞቀ ፎጣ ይዤ ነው።

በሰፈራችን ወፍጮ ቤት አለ። ጤፍ ይፈጫል፣ ዳጉሳ ይፈጫል፣ ማታ ይዘጋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀንም ይቆማል። እርስዎ ግን መብራት ኖረም አልኖረም ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነዎት። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት "አንተ ሰው፣ ዛሬስ ስንት ኩንታል ፈጨህ?" ትለኛለች። እኔ ምንም አልሰማሁ! ወፍጮው በእኔ አፍ፣ እንቅልፍ የሚያጣው ሌላ ሰው።

ዱቄት ቢወጣዎ እንኳ ምን ነበረበት? እህል ሳይገባበት የሚዞር ወፍጮ የሚበላው የራሱን ድንጋይ ነው። የሰፈሩ ወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ ይወቀራል፣ ይመለሳል። የጥርስ ሽፋን ግን በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ሆኖ ሳለ አንዴ ካለቀ አይበቅልም። የፊት ጥርሶቼን ያየ ሰው በሞረድ የተስተካከሉ ይመስሉታል። የከተማችንን የጠዋት ውሃ ቀምሰው ያውቃሉ? ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያደረ ውሃ ነው። አንዴ ስጎነጭ እስከ ጆሮዬ ይሰማኛል። አንዱ መንጋጋ ጥርሴም ተሰንጥቋል። ሽምብራ ቆሎ ሲቀርብ "ጠግቤያለሁ" እላለሁ። ጎጃም ተወልዶ ቆሎ ፊት ጠግቤያለሁ ማለት!

ስነሳ ጆሮ ግንዴን ይወቅረኛል። ሳዛጋ መንጋጋዬ ቀጭ ይላል። ጉንጬ ስለሰፋ ደግሞ ሰዉ "ተመችቶሃል፣ ወፈርክ" ይለኛል። የማኘኪያ ጡንቻው ነው፤ በሌሊት ስፖርት ደንድኖ።

እናቴ እርስዎን የምታውቅዎ "ወስፋት" ብላ ነው። ልጅ ሳለሁ ሲመጡብኝ የወስፋት መድኃኒት አጠጣችኝ። ቆይተው ጠፉ። ምስጋናውን መድኃኒቱ ወሰደ። ሐኪሙ እንደሚለው ግን ብዙ ልጆች ሲያድጉ እንዲሁ ይተዉታል። እናቴ አልተቀበለችውም። ዘንድሮም ኮሶ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ለመሆኑ ማን ጠራዎ? ሐኪሙ ጭንቀት አለ፣ ቡና አለ፣ አረቄና ሲጋራ አለ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒትም ያመጣዎታል አለ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰውም ይታይ አለ። ይሁን። እኔ ግን ዋናውን ደላላ አውቀዋለሁ። አለቃ ሲጮህብኝ "ጥርስህን ነክሰህ ቻል" ተባልኩ። የቤት ኪራይ ሲጨምር "ጥርስህን ነክሰህ ቻል"። ገጠር ያለው ወንድሜም ማዳበሪያ ሲዘገይበት የሰማው ይህንኑ ነው። እኛ አነጋገር መስሎን ነበር፤ እርስዎ ቃል በቃል ወሰዱት። ቀን የነከስኩትን ማታ ይፈጩታል።

ሐኪሙ ውጬ የምገላገልዎትን ኪኒን አልሰጠኝም። "ቀን ቀን ከንፈርህ ይገጠም፣ ጥርስና ጥርስህ አይነካካ፣ ምላስህ ከላይ ጥርሶችህ ጀርባ ላንቃህ ላይ ይረፍ" አለኝ። ላዩ ዝግ፣ ውስጡ የተላቀቀ። ሰምና ወርቅ ነው እንግዲህ። የቅኔ አገር ሰው ይህ ያቅተዋል? ያቅተዋል። ይኸው ይህችን መስመር ስጽፍ ራሱ ገጥሜ ይዣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብህም ተብያለሁ። በረካን ጥሎ የሚነሳ ሰው ባለቤቴ ዘንድ ምን እንደሚደርስበት ሐኪሙ አያውቅም።

ለሌሊቱ የአፌን ልክ ወስደው በጥርሴ ላይ የሚገባ ሽፋን እየሠሩልኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ሽፋኑ እርስዎን አያባርርም። በጥርሴ ፈንታ እሱን እንዲፈጩ ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቀለብዎ ፕላስቲክ ነው፤ በደንብ ያላምጡት።

ዋጋውን ጠየቅሁ። ነገሩኝ። ጥርሴን ነክሼ ከፈልኩ።

ያለ ፈቃዱ አከራይዎ፣
ከደብረ ማርቆስ