«ጓያ ትበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

በጃማ፣ በወረኢሉ ወይም በደላንታ ሜዳ አንድን ቤተሰብ «ጓያ ትበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለምርምር የሚረባ ነገር አያስገኝም። ጓያ ሰበረው የሚባለው ወጣትም፣ እግሩ ደህና የሆነው ጎረቤቱም «እንበላለን» ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ አፈር ይዞት የሚቀረው እርጥበት ለጓያ ይበቃዋል። ውኃ ቢተኛበት አይሞትም፤ ዝናብ ቢቀርበትም ያፈራል። ገብሱና ስንዴው በከዱበት ዓመት ጎታ ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው። ስለዚህ ጓያ የሚያመጣውን ይህን የእግር ሽባነት ሊያጠና ወደ ወሎ ደጋ የሚወጣ ወጣት ተመራማሪ ጥያቄውን ከጓዳ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ጓያው በምን መልክ ተሠራ? ከምን ጋር ተደባለቀ? በየትኞቹ ወራት ተበላ? ከቤተሰቡ ማን በላው?

በሽታው ከአንጎል ተነሥተው በአከርካሪ በኩል እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። መንስኤው እ.ኤ.አ. በ1964 ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ የተባለ በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ ነው። አልፎ አልፎ የሚቀመስ ጓያ ሰው አይሰብርም። አደጋው የሚመጣው ጓያ ከዕለት ምግቡ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ ነው። ያኔ ባት ይኮማተራል፣ ጉልበት ይከብዳል፣ እግሮች እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ተረከዝ መሬት መንካት ይተዋል። አንዴ ከያዘ አይለቅም። አእምሮና የቆዳ ስሜት ግን ደህና ናቸው፤ እጅም እንደ እግር አይጎዳም። በብዛት የሚጠቃው ወንዱ፣ ያውም ወጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከደረሰ ድርቅ በኋላ በወሎ ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ሽባ ሆነ። ያን ወረርሽኝ ያጠኑት ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ሥራ ዋጋው «ጓያ» ብሎ አለመቆሙ ነው። ንፍሮውን፣ እሸቱን፣ ወጡን ለየብቻ ጠየቁ። ጓያን በንፍሮና በጥሬ እሸት የበሉት አደጋቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ከእህል ጋር ደባልቀው ወይም ቅመም በገባበት ወጥ የበሉት ደግሞ አደጋቸው ዝቅ ያለ ሆነ። ለዚህ ምክንያት አለው። ጓያ የሚያንሰውን ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ እህል ያሟላል፤ ሰውነት መርዙን እንዲቋቋም የሚረዳውም እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። አንድ ቤተሰብ «ጓያ እንበላለን» ሲል ከእነዚህ መንገዶች የትኛውን እንደሚከተል ካልታወቀ ዋናው ነገር አመለጠ ማለት ነው።

ጥያቄው የሚቀርበውም ለባልየው ሳይሆን ለምታበስለዋ ሴት ነው። እሷም «ብዙ» ወይም «ትንሽ» እንድትል መገደድ የለባትም። ለቂጣ ወይም ለእንጀራ ስታስፈጭ «ለአንድ ቁና ገብስ ስንት ቁና ጓያ ትጨምሪያለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ቁርጡን ትናገራለች። ቁና ከቤት ቤት ስለሚለያይ ተመራማሪው ሚዛን ይዞ የዚያኑ ቤት ቁና ሞልቶ ይመዝን። ጓያው ተዘፍዝፎ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ውኃው ተደፍቶ ይሁን እዚያው ተቀቅሎበት መመዝገብ አለበት፤ መርዙ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። እረኛ ልጆች ደግሞ ለብቻቸው ይጠየቁ። ከማሳው ዳር የተቀጠፈውን እሸት እናት አታየውም፤ ከቤት ብቻ የተሞላ መጠይቅ ለበሽታው ቅርብ የሆኑትን ወንድ ልጆች ምግብ በግማሽ ይዘላል።

በጊዜ ረገድ ወሎ የራሱ ወጥመድ አለው። ታማሚው «ከረመዳን በፊት ጀመረኝ» ካለ፣ ረመዳንም መውሊድም በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚቀድሙ ዓመቱ ካልታወቀ ወሩ አይታወቅም። ጥምቀትና ኅዳር ሚካኤል አይንቀሳቀሱም። ከሁሉ የሚሻለው ግን የእርሻው ሥራ ነው፦ በልጉ ሲታጨድ፣ ጓያው እሸት ሳለ፣ መኸሩ ሳይደርስ። ቀኑ ከታወቀ በኋላ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ወራት ወደ ኋላ እየቆጠሩ የተበላውን መጠየቅ ነው። ዛሬ ምን እንደሚበላ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው ከተሰበረ በኋላ ምግቡን ይለውጣል።

ሰዎች ስለ መንስኤው ያላቸው እምነትም ወደ መረጃው ይገባል። የሚፈላ ጓያ እንፋሎት ይሰብራል፣ ገለባው ላይ መተኛት ይሰብራል የሚሉ አሉ። ይህን ሰምቶ መሳቅ ነውር ብቻ ሳይሆን ሥራ ማበላሸት ነው። ከእንፋሎቱ በመሸሽ ራሱን ያዳነ የሚመስለው ሰው ንፍሮውን ያለ ስጋት ይበላል። ታማሚው ጓያን ስለሚወቅስ የበላውን አብዝቶ ያስታውሳል፤ ጤነኛው ያሳንሳል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ታማሚ በዕድሜና በጾታ የሚመስሉት፣ ከዚያው መንደር የተመረጡ ሁለት ጤነኞች በዚያው መጠይቅ፣ በዚያው ጠያቂ መጠየቅ ያለባቸው።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይፈልግም፤ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት መዶሻ፣ የእግር መዳፍ የሚጫርበት ነገርና ጥሩ ዓይን ይበቃሉ። በጓያ የተጎዳ እግር ይገተራል፣ ሲመታ ከልክ በላይ ይዘላል። የፖሊዮ እግር ይልማል፣ ይቀጥናል። የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ ጀርባውን ያሳምማል፣ ያጎብጣል፣ ስሜት ይወስዳል። የጉዳቱ ደረጃም በቀላሉ ይለያል፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ፣ በመጨረሻም እየተሳበ። ታማሚዎችን ከጤና ጣቢያ መዝገብ መፈለግ ግን አያዋጣም፤ መድኃኒት የሌለው በሽታ ሰውን ጤና ጣቢያ አያመላልስም። የቅሬ (የወሎ ዕድር) ዳኛው የትኛው ቤት ማን ሽባ ሆኖ እንደተቀመጠ ያውቃል። ለልመና ደሴና ኮምቦልቻ የወረደውንም የሚያስታውስ እሱ ነው፤ ያ ሰው ቤት ለቤት ሲቆጠር አይገኝም።

ጓዳውን የሚንቅ ምርምር ስንት ዓመት እንደሚያባክን በፓፑዋ ኒው ጊኒ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርልተን ጋይዱሴክ የተባለ የ33 ዓመት ሐኪም ከቪንሰንት ዚጋስ ጋር በፎሬ ሕዝብ መካከል ኩሩ የሚባለውን፣ ሰውነትን እያንቀጠቀጠ የሚገድል የአንጎል በሽታ ማጥናት ጀመረ። ደምና የአንጎል ናሙና ሰበሰበ፣ ዘር ተጠረጠረ፣ መርዝ ተፈለገ። በሽታው ወደ ቺምፓንዚ መተላለፉ እ.ኤ.አ. በ1966 ታወቀ፤ ጋይዱሴክም በ1976 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ለምን በብዛት ሴቶችንና ሕፃናትን ይገድላል የሚለው የተፈታው ሸርሊ ሊንደንባውምና ሮበርት ግላስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰብ ለቤተሰብ ተቀምጠው ማን የማንን አስከሬን በለቅሶ እንደበላ ሲጠይቁ ነው። ሥርዓቱ በ1950ዎቹ በመቅረቱ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች አልታመሙም። ኩሩና ጓያ በመንስኤ ፈጽሞ አይገናኙም፤ ጠያቂው መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ግን አንድ ነው።

ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንዳይቀር የመልስ ጉዞ ገንዘብ ከመጀመሪያው በበጀቱ መግባት አለበት። የሚመለሰው ቃል ደግሞ የሚሠራ መሆን አለበት። «ጓያ አትብሉ» ማለት ሌላ እህል ለሌለው ሰው ምክር አይሆንም። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ያ ውኃ በጀሪካን ከሩቅ የመጣ ነው፣ ለመድፋት ያሳሳል። ከእህል ጋር መደባለቅ፣ ማቡካት፣ ልጆችን ከጥሬ እሸት መከልከል ግን ተጨማሪ ውኃና ማገዶ የማይጠይቁ ናቸው፤ ቀድመው መነገር ያለባቸው እነሱ ናቸው። ለወረዳው የሚሰጠው ሪፖርት ደግሞ በልግ በከሸፈ ዓመት እርዳታው ስንዴና በቆሎ ሆኖ ቤተሰቡ ጓያን ለብቻው መብላት ከመጀመሩ በፊት እንዲደርስ ወሩን ለይቶ ይጻፍ።