ወተቱን የቀሙት ታቸር ብቻ አይደሉም

ጋሼ፣ ጨዋታዎ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ላርም። እንግሊዛዊው ጎረቤትዎ እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ የትምህርት ቤቱ ነጻ ወተት ቀረብኝ፣ የቀማችኝም በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር ናት ብለዎታል። መቅረቱስ ልክ ነው። ታቸር ግን ያኔ ገና ተቃዋሚ ወንበር ላይ ነበሩ።

ከ1946ቱ ሕግ ወዲህ እስከ 18 ዓመት ያለ ተማሪ ሁሉ በየትምህርት ቀኑ ሲሶ ፓይንት (ፓይንት የእንግሊዞች የፈሳሽ መለኪያ ነው)፣ ማለትም 190 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት በነጻ ያገኝ ነበር። በትንሽ ጠርሙስ ይመጣል፤ ተረኛ ተማሪ ያድላል። ትዝታው ለሁሉም ጣፋጭ አይደለም። በብርድ ወራት በረዶ ይሆናል፤ ማሞቂያ አጠገብ ካስቀመጡት ደግሞ ለብ ይላል። ለብ ያለ ወተት በግድ መጠጣት! እኔ ብሆን የቀማኝን አመሰግን ነበር።

የሁለተኛ ደረጃውን ወተት በ1968 ያስቀረው የጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን የሌበር (የሠራተኛ ፓርቲ) መንግሥት ነው። ታቸር የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት በ1970 ነው። በ1971 በወጣው ሕግ ከሰባት ዓመት በላይ ላሉ የአንደኛ ደረጃ ልጆችም አስቀሩ። «ወተት ነጣቂዋ» የተባሉት ያኔ ነው። ስሙም እስከ መጨረሻው ተከተላቸው። ለዊልሰን ግን እንዲህ ያለ መፈክር ማንም አላወጣም።

ታቸር ለሁሉም ልጅ ጨርሰው አጠፉት የሚባለውም ስህተት ነው። በ1971 ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ማግኘታቸውን ቀጥለዋል። ዛሬም በብሪታንያ መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያቺኑ ሲሶ ፓይንት በነጻ ይጠጣሉ።