ለአቶ ተቀናሽ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አቶ ተቀናሽ
ከጥቅል ደመወዝ ቀጥሎ ባለው ዓምድ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ለማቅረብና ማብራሪያ ለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ለትጋትዎ ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ። ድርጅታችን ደመወዝ የሚያዘገይባቸው ወራት አሉ፤ እርስዎ ግን ቀርተው አያውቁም።

ደመወዜ 10,000 ብር መሆኑን እስከ ቢቸና ድረስ ያሉ ዘመዶቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ ሽማግሌ የተላከ ዕለትም የተነገረው ይኸው ነበር። ባለቤቴ 7,650 ብሩን የተዋወቀችው ከሠርጉ በኋላ ነው። ግብርዎ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ይምራል፤ በቀጣዩ 2,000 ላይ 15፣ ከዚያ በ3,000ው ላይ 20፣ በመጨረሻው 3,000 ላይ 25 በመቶ ይወስድና 1,650 ብር ይሞላል። ጡረታው 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ነው። በ2008ቱ ሕግ ግብሩ ብቻ 2,045 ብር ስለነበር፣ ለማሻሻያው እጅ ነሥቻለሁ። አሠሪዬ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ለጡረታዬ እንደሚጨምርም አልክድም፤ እርጅናዬ ከእኔ የተሻለ ተቀጣሪ ነው።

ስምዎ ያለ አግባብ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። እንደ እኔው 10,000 ብር የሚከፈለው አንድ ባልደረባዬ የ500 ብር ጭማሪ ሲነገረው «ዕርከኑ ከፍ ብሎ ያለኝንም ይበላብኛል» ብሎ ሊመልሰው ተነሥቶ ነበር። 30 በመቶው የሚያርፈው ከ10,000 በላይ ባለው 500 ብር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ 150 ብር ለግብር፣ 35 ብር ለጡረታ ሄዶ 315 ብር እንደሚተርፈው በወረቀት ሠርቼ እስካሳየው ድረስ እርስዎን ሲረግም አረፈደ።

እኔን የሚከነክነኝ ከግብርና ከጡረታ ኋላ ተከልሎ የሚገባው ዘመድዎ፣ «ልዩ ልዩ» የሚባለው ዓምድ ነው። መዋጮው ምን እንደሆነ የሒሳብ ሠራተኛዋን ብጠይቃት፣ ከፔሮሉ ላይ ቀና ሳትል «ሁላችሁም ተስማምታችኋል» አለችኝ፤ ይህን ትልቅ ስምምነት መቼ እንደፈጸምኩ እስካሁን አልነገሩኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቀነስን ይከለክላል፤ ድምሩም ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። እባክዎ ዘመድዎ አንቀጽ 59ን እንዲያነብ ያድርጉልኝ።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ብሎ ሲነሣ፣ ገማቹን ከደጁ የሚመልስበት ዕድል ነበረው። እርስዎ ግን ደጄን ሳይረግጡ ስለሚሄዱ፣ ቡና እንኳ ላቀርብልዎ አልቻልኩም። የተረፈኝን ይዤ ገበያ ስወጣም ታናሽዎ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶውን ይዞ ደረሰኙ ግርጌ ይጠብቀኛል፤ በቤተሰብዎ መካከል ያለው መናበብ ያስቀናል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ «ልዩ ልዩ» ስሙንና ፈቃዴን የያዘውን ወረቀት ይዞ እንዲቀርብ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ተቀንሶለት የሚኖር ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ
ለቤት አከራዬ (10,000 የሚለው መስመር ተሰርዞ)