«ያስቃል?» ለምትሉኝ ሁሉ

ተውኔት እጽፋለሁ ባልኩ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ያስቃል?» የሚለው ነው። ስለ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም። እነማን ይተውኑበታል፣ የት ይታያል የሚለው እንኳ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የባንክ ገንዘብ ከፋይዋ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሳይቀሩ «ለመሆኑ ያስቃል ልጄ?» ይሉኛል። «አያስቅም» ካልኩ ፊታቸው ይቀዘቅዛል። «የኑሮው ጭንቀት መች አነሰንና ነው ደግሞ ከፍለን የምንጨነቀው!»

ይህን አባባል አልንቀውም። ለትኬቱ፣ ለታክሲው፣ አምሽቶ ለመመለሱ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚያገኝ የመጠየቅ መብት አለው። እኔም ሳቅ አልጠላሁም፤ ሳቅ የሚጠላ ጸሐፌ ተውኔት ሥራውን ይልቀቅ። የሚያንገበግበኝ ተመልካቹ አይደለም፤ ይህችን ጥያቄ ይዘው ድርሰቴ ላይ የሚዘምቱት የገዛ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው።

ድርሰቴን ለአንድ ቴአትር ቤት አስገባሁ። ወደ ገምጋሚዎች ተመራ፤ እዚያም ተኛ። በመጨረሻ ተጠርቼ ሄድኩ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ እስከ መጨረሻው አንብቦት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ፣ «ጥሩ ድርሰት ነው፤ ግን ይከብዳል። ሽማግሌው በሦስተኛው ገቢር የግድ መሞት አለባቸው? ታመው ቢድኑስ?» አለኝ። ወንድሜ፣ ተውኔቱ እኮ በውርስ ስለሚፋጁ ልጆች ነው! አባትየው ከዳኑ ልጆቹ በምን ይጣሉ? ይህን ባስረዳ «እሺ፣ ይሙቱ» አለና ሌላ መላ አመጣ፤ «ቢያንስ አንድ የሚያስቅ ዘበኛ ጨምርበት።»

ዘበኛውን ታውቁታላችሁ። ካፖርት ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ የገጠር አነጋገሩን እያጋነነ ይገባል፤ አፉን ሳይከፍት አዳራሹ ይስቃል። ካልሆነ ደግሞ ስልክ አነሣሁ ብላ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ጆሮዋ ላይ የምትደቅን የቤት ሠራተኛ ትገባለች። በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን ድራማ እነዚህ ሁለቱ ያልተሳቀባቸው ጊዜ የትኛው ነው? ሌሊቱን በብርድ የሚያድር ሰው፣ ከቤተሰቧ ተነጥላ የሰው ልጅ የምታሳድግ ልጅ፣ እነሱ ላይ እየሳቅን ነው ከኑሮ ጭንቀት የምንገላገለው።

«የሕዝቡ ምርጫ ነው፤ ቴአትራችን ድሮም ለመዝናኛ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ድሮ ስንት ዓይነት ድሮ አለ! የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ኮሜዲ እንደነበር አልረሳሁም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው፤ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ፣ መኳንንቱ በተገኙበት አሳዩ። ተዋንያኑ እንስሳት ይምሰሉ እንጂ የሚሳቅበት የቤተ መንግሥቱ ብልሹ አሠራር መሆኑ ለማንም አልተሰወረም። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ኮሜዲ ማለት እንዲህ ነበር፤ ሹም የሚያስደነግጥ።

ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማንም ጥሩልኝ እንጂ። «ያላቻ ጋብቻ» የተሰኘው ተውኔቱ እስከ ዛሬ ያስቃል። እዚያም እኮ የቤት ሠራተኛ አለች! ግን ተማረ የተባለው የባላባት ወገን ሊያገባት ሲነሣ የሚሳቅበት የዘመዶቹ የዘር ኩራት ነው፤ ልጅቷ ክብሯ እንደተጠበቀ ነው። ደግሞም ሕዝቡ ከባድ ነገር አይወድም ለምትሉኝ፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እና «ሃምሌት» ያየው የዚሁ አገር ሕዝብ ነው። በአብዮቱ ሰሞን ለፀጋዬው ተውኔት ለ«ሀሁ በስድስት ወር» የጎረፈው ሰው ሊስቅ ብቻ ነበር የጎረፈው?

ገምጋሚውን አልፌ መድረክ ላይ ስደርስ ደግሞ ተዋናዩ ይጠብቀኛል። የእኛ አገር ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ለወራት፣ ሲቀናውም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ተዋናዩ ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ያገኛትን ቀልድ ይዞ ይመጣና መሐል ላይ ይለቃታል። አዳራሹ ፈነዳ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ይጨምራል። አብራው ያለችው ተዋናይት ምን ልትመልስ? እሷም የራሷን ትፈጥራለች። ልጅ የአባቱን ሞት የሚሰማበት ትዕይንት ላይ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ይቀለዳል። እኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጽፌው የማላውቀው ነገር በስሜ ሲነገር እሰማለሁ። ለአዘጋጁ አቤት ስል «ሕዝቡ እኮ ወዶታል» ይለኛል። አብዛኛው ተውኔታችን በመጽሐፍ አይታተምምና ነገ የሚታወሰው ይኸው መድረክ ላይ የተባለው ነው። የእኔ ቃል መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። (የክፍያውን ነገር ዛሬ አልነካውም፤ እሱ ራሱን የቻለ ብሶት ነው፤ ደም ግፊቴም አይፈቅድልኝም።)

ተዋናዩ ፈጠራ የለውም ማለቴ አይደለም። ልምምድ ላይ «ይህች ዐረፍተ ነገር አፌ ላይ አልገባ አለች» ያለኝን ተዋናይ ሁልጊዜ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ቁጭ ብለን እናስተካክላታለን። ልምምድ ለዚህ ነው። መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ግን የሰው ድርሰት ላይ መጨመር ለሳቅም ቢሆን አይፈቀድም፤ የፈለገ የራሱን ይጻፍ።

አሁን ሌላ ድርሰት ጨርሻለሁ፤ የፊታችን ሰኞ አስገባለሁ። ሳቅ አለበት፤ የሚሳቅበት ግን ባለ ቪላው ነው። ዘበኛውም አለበት፤ ካፖርቱንም ለብሷል። ከሁሉም ይልቅ አስተዋዩ ሰው እሱ ነው፤ አነጋገሩም እንደ ማንኛችንም ነው። መጨረሻው ገቢር ላይ ይሞታል። ታሞ አይድንም፤ ገምጋሚዎች ካሁኑ እወቁት።