ጋሪ ይዞ ለንደን

የሁለትና የስድስት ዓመት ልጆች ይዘን ከሜሪላንድ ለአምስት ቀን ለንደን ልንሄድ ነው ስል፣ ጓደኛዬ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አለችኝ። ባለቤቴ ለእያንዳንዱ ቀን አራት አራት ቦታ ጽፎ ጨርሷል። ትኬት ተከፍሎበት ቁጭ ተብሎ አይዋልም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ዕቅዱ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። ለንደን ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለሚቀድም፣ ትንሹ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ካልተጫወትን ብሎ አልጋ ላይ ሲዘል አደረ፤ ረፋድ ላይ ቢቀሰቅሱት ወይ ፍንክች። የምድር ውስጥ ባቡሩ ደግሞ በ1863 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፣ ያኔ ስለ ልጅ ጋሪ ማን ያስባል? ብዙ ጣቢያ አሳንሰር የለውም። ደረጃው ሥር ቆሜ ወደ ላይ ሳይ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ የጋሪውን ፊት ብድግ አድርጎ ላይ አደረሰልኝና ዞር ብሎ ሳያየኝ ሄደ። አመሰግናለሁ እንኳ አላስባለኝም።

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ብቻ። ለጋሪ ቦታ አለው፣ ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅም አይከፍልም። ትልቋ ፎቁ ላይ ከፊት ተቀምጣ ከተማውን የምትነዳው እሷ ሆነች። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው፤ ጥቅሙ የገባኝ ዳይኖሰር አይተው በአርባ ደቂቃ ሲሰለቻቸው፣ ገንዘቤ ሳይቆጨኝ ስወጣ ነው።

አምና ለገና አዲስ አበባ ይህንኑ ጋሪ ወስደን ነበር። እናቴ ሳሎን ጥግ ቆሞ ከረመ፤ ልጁ ከአክስት ጀርባ ወደ አክስት ጀርባ ሲዞር መሬት የረገጠም አይመስለኝ። አንድ ምግብ ቤት ገብተን ገና ሳናዝ፣ አስተናጋጇ «ና እስቲ የኔ ጌታ» ብላ አቅፋው ወደ ጓዳ ገባች። ስሟን እንኳ አላውቅም። አሜሪካ ለምዶብኝ ልቤ ድው ድው አለ፣ ግን በልቼ እስክጨርስ አልተነሳሁም። ቁራሽ ዳቦ ጨብጦ ፊቱ ወጥ በወጥ ሆኖ መጣልኝ። ዳይፐር መቀየሪያ ቦታ ግን አጥቼ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው የቀየርኩት፤ ይህ ችግር ለንደን አልገጠመኝም። እዚያ በአምስት ቀን ውስጥ ልጄን የነካው ሰውም የለም።

አሁን ደግሞ ፓሪስ እያልን ነው። ባለቤቴ እስክሪብቶ ሲያነሳ፣ በቀን አንድ ቦታ፣ ከዚያ መናፈሻ ብዬዋለሁ። እማዬ በስልክ ሰምታ «ልጆቹን እኔ ጋ ጥላችሁ አትሄዱም?» አለች። ከሜሪላንድ ፓሪስ፣ በአዲስ አበባ በኩል።